አርባ አንደኛ የወጣው ኳስ

«ኒካሁ ይቆይ፤ መጀመሪያ የጌሙ ነገር መላ ይበጅለት።»

ዊዳድ ይህን የሰማችው ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። የተናገሩት አባቷ ሐጂ ዓብደላ ናቸው። ሳሎን ቁጭ ብለው በስልክ ነው የሚያወሩት፤ ስልክ ሲይዙ ደግሞ ድምፃቸው የደሴን የሙጋድ ሰፈር ሁሉ ያዳርሳል። ዊዳድ ቢላዋውን አስቀመጠችና እናቷን አየቻት። እናቷ ሁስኒያ በደንብ ሰምታለች፤ ግን እንዳልሰማ ሰው ድስቱን ማማሰሏን ቀጠለች። ኒካሁ የፊታችን ጁምዓ ነበር። ቀሚሱ ተሰፍቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሙክቶቹ ቢስቲማ ካለ ዘመድ ዘንድ ታስረው እየተቀለቡ ነው፤ ሂና የምትቀባዋ ሴትዮ ቀብዷን ተቀብላ አጥፍታዋለች። የሞተ ሰው የለ፣ የታመመ የለ፣ መንገድ አልተዘጋ። ኒካሁን ያስቆመው ጌም ነው፤ ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው የሚጫወቱት ጌም።

የዊዳድ እጮኛ ዑዘይር ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ትራንዚተር ነው። ቀን የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሲያስወጣ ይውልና ማታ ፕሌይስቴሽኑ ፊት ይቀመጣል፤ ብቻውን የተቀመጠ እንዳይመስለው ደግሞ ስለ ጌም የሚጽፍበት የቴሌግራም ቻናል ከፍቷል። ባለፈው ሳምንት ካሴት ከሚጎርሰው ከጥንቱ ማሽን ጀምሮ እስከ ዛሬው ድረስ ያሉትን ጌሞች፣ ኳሱን ከቡጢው፣ መኪናውን ከጦርነቱ ሳይለይ አሰለፈና «የምንጊዜም ሃምሳ ምርጥ ጌሞች» ብሎ ደረጃ አወጣላቸው። አንደኛ ያደረገው አንድ ሽፍታ በፈረስ አገር ለአገር የሚዞርበትን ረጅም ጌም ነው። የኳሱን ጌም አርባ አንደኛ አስቀመጠው። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከሥሩ ግን «ይህን አንደኛ የሚል ሰው ሌላ ጌም አይቶ አያውቅም፤ በየዓመቱ ያንኑ ቂጣ እየገለበጠ ለሚያበላ ነጋዴ ግን ሁነኛ ገበያ ነው» ብሎ ጨመረበት። የዊዳድ ወንድም ሀፊዝ ደግሞ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ጌም ቤት አለው። አራት ቴሌቪዥን፣ አራቱም ላይ ኳስ።

ሀፊዝ ጽሑፉን ባነበበበት ዕለት ጌም ቤቱን በጊዜ ዘጋ አሉ። ማታውኑ አባቱ ዘንድ ሄዶ «እህቴን ሊወስድ የመጣ ሰው እንጀራዬን አርባ አንደኛ ብሎ ለአገር አወጀ» አላቸው። ሐጂ ዓብደላ ጌም ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ደረጃ ምን እንደሆነ ግን አሳምረው ያውቃሉ። አያታቸው ከየመን ተሻግረው ደሴ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ ይህ ቤት በነጋዴው መሐል አንደኛ ነው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሁለተኛ ነው ሲባል ሰምተው ነው ያደጉት። አርባ አንደኛ የሚለው ቃል ጆሯቸው ሲገባ ሌላው ሁሉ ጠፋባቸው፤ ከፊታችን የተቀመጡት እነዚያ አርባ ቤቶች እነማን ናቸው እያሉ ሲብሰለሰሉ አደሩ። ሀፊዝ ደረጃው የጌም እንጂ የቤተሰብ አይደለም ብሎ ሊያስረዳቸው ይችል ነበር። አላስረዳቸውም።

«አባዬ፣ በጌም ምክንያት ነው ኒካሁ የሚቆየው?» አለች ዊዳድ፣ ስልኩን ሲዘጉ በሩ ላይ ቆማ።

«በጌም ምክንያት አይደለም ልጄ፤ በክብር ምክንያት ነው። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ሼህ ዐቂል ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። አብሽሪ፣ ይህም ያልፋል።»

የማን ክብር እንደሆነ ልትጠይቃቸው አሰበች። ሐጂ ዓብደላ ግን መልሰው ስልኩን አንስተዋል፤ ስለ ስኳር ዋጋ ነው የሚያወሩት። ዊዳድ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ዑዘይርን ትወደዋለች፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም እንጂ ነገሩ የተደበቀ አይደለም። ደሴ ውስጥ የዘገየ ኒካህ ብዙ ጊዜ እንደቀረ ነው የሚቆጠረው፤ ሰው ልጂቱ ላይ ምን ተገኝቶባት ነው ማለት ይጀምራል፤ በጌም የተነሳ ነው ብሎ የሚያምን ደግሞ አይገኝም። ስለዚህ ለአባቷ ሱቅ አንሶላ ከኮምቦልቻ ላምጣ ብላ ሹራቧን ደርባ ወጣች። እናቷ ለምን እንደምትሄድ ገብቷታል። «ቶሎ ነይ» ብቻ አለቻት።

የኮምቦልቻው ሚኒባስ ረዳት ናፍጣ ጨምሯል ብሎ ከታሪፉ በላይ አሥር ብር ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ አልከፍልም ብለው እስከ ሐረጎ ድረስ ሲሟገቱት ቆዩ፤ መኪናው የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲይዝ ግን ድምፃቸውን አጥፍተው ከፈሉ። ዊዳድ ምን እንደምትለው እያሰበች ነው የወረደችው። ኮምቦልቻ ስትደርስ ሙቀቱ ሹራቧን አስወልቋታል። ዑዘይር መሥሪያ ቤቱ አጠገብ ያለ ጁስ ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቀጭን፣ እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል፣ ሰው ዓይን ውስጥ አተኩሮ የማያይ ልጅ ነው፤ ወንበሩን በሶፍት ጠርጎላት፣ አቮካዶው ከማንጎው ጋር እንዳይቀላቀልባት ለአስተናጋጇ ሁለቴ ነገረላት። እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም። ለዚህ ነው የምትወደው፤ ለዚህም ነው በሱ መናደድ የሚቸግራት።

«ኳሱን አምስተኛ አድርገው» አለችው። «አምስተኛ ቢሆን ምን ትሆናለህ?»

«ዊዱ፣ እንዴት ብዬ? ወላሂ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።»

«ሃያኛስ?»

ይህን ከልቡ አሰበበት። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ ሁለት ያሉትን በልቡ ሲቆጥር ታያት። «ሃያኛ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለና ሃያኛ ላይ ስላለው ጌም ይነግራት ጀመር። ድሮ ገራዶ አጎቱ ቤት ለክረምት ሲሄድ የተጫወተው ነው፤ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ እየዘለለ ልዕልት ፍለጋ የሚሄድበት፤ የአጎቱ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ስለነበር የሰውዬውን ባርኔጣ ቀይ መሆን ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። ሲያወራ ፊቱ በራ። ዊዳድ ጁሷን እየጠጣች አየችው። እንዲህ በርቶ ስለ እሷ ለሰው ሲያወራ ማየት አማራት፤ አውርቶ ያውቅ እንደሆነም አሰበች።

«ኒካሁ ጁምዓ ነው ዑዘይር።»

«ጁምዓ ባይሆን ለሚቀጥለው ይሆናል፤ ኒካህ የትም አይሄድም። የጻፍኩትን ብሽረው ግን ሰው ምን ይለኛል? አማቹን ፈርቶ ደረጃ ቀየረ አይሉኝም?»

«እሺ፣ እኔስ ስንተኛ ነኝ?» አለችው፤ እንደ ቀልድ ነው የጀመረችው።

ሳቀ። «አንቺማ ከውድድር ውጭ ነሽ» አላት፤ የሰጣት መልስ ለራሱም ደስ ብሎታል። ጁሱ ሁለት መቶ ስልሳ ብር ሆነ፤ እሱ ከፈለ። ዊዳድ አንሶላዎቹን ገዝታ በላብ ተጠምቃ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። መልሱን እስከ ሐረጎ ድረስ እንደ ሙገሳ ልትቆጥረው ሞከረች፤ ብርዱ ሲጀምርና ሹራቧን መልሳ ስትለብስ ሙከራውን ተወችው።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ የሐጂ ዓብደላ መጅሊስ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ቀይ ፍራሽና ቀይ ትራስ ዙሪያውን ተነጥፏል፤ ዳንቴል የለበሰው ትልቁ ቴሌቪዥን ዳንቴሉ ተነስቶለታል፤ ጫቱ መሐል ላይ ተበትኖ እርስ በርስ «ጀባ» እያሉ እየተቀባበሉ መቃም ይዘዋል። ሴቶቹ፣ ማለት ዊዳድና እናቷ፣ ሳሎኑን ከጓዳ ከሚለየው መጋረጃ በስተጀርባ ናቸው። ሼህ ዐቂል በቃሉ ወረዳም በወረባቦም የደም ነገር ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድንበር የተገፋፉ ወንድማማቾችን፣ በውሃ የተጋደሉ መንደሮችን አፉ አስብለዋል፤ የማያውቁት ጸብ ይኖራል ብለው አያምኑም። «የተጣላችሁበት ዕቃ ራሱ ይቅረብ» ብለው አስቀድመው ስላዘዙ ዑዘይር ፕሌይስቴሽኑን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ሐረጎን ሲወጣ እንዳይንገጫገጭ ጭኑ ላይ ታቅፎ አምጥቶታል። ሀፊዝ ከወዲያ ጥግ፣ ዑዘይር ከወዲህ ጥግ ተቀመጡ። ሰላምታ እንኳ በሼሁ በኩል ነው የተለዋወጡት።

ሼህ ዐቂል ሁለቱንም በየተራ ሰሙ፤ ሐጂ ዓብደላንም ደረጃው የቤተሰብ አለመሆኑን አስረዷቸው። ሐጂ ግን አንዴ አርባ አንደኛ ከተባለ የምንም ይሁን የምን ቃሉ ክፉ ነው ብለው አልተላቀቁም። ስለዚህ ሼሁ ጸቡ የደረጃ ስለሆነ ደረጃውን ሽማግሌ ያውጣው፣ ሁለታችሁም ያንን ትቀበላላችሁ ብለው ቃል አስገቧቸው። ለሼህ ዐቂል ይህ የሚከብድ ሥራ አልነበረም። ድግስ ላይ ሰው ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ሲያደላድሉ ነው የኖሩት፤ ጌሞቹንም እንዲሁ በየወንበራቸው ማስቀመጥ ነው።

«በዕድሜ እንጀምር» አሉ። «ከሁሉ የሚበልጠው ማነው?»

ዑዘይር ተገርሞ ሁለት ዱላ አንዲት ኳስ የሚያቀባበሉበት ጌም እንደነበረ ነገራቸው። አሁን የሚጫወተው ሰው የለም ብሎም ጨመረ።

«ሰው ስላልጠየቀው አባትነቱ አይቀርበትም። እላይ ይቀመጥ» አሉ ሼሁ፤ ሽማግሌዎቹ መርሐባ ብለው ተቀበሉ። ከዚያ የሚወርዱ ጡቦችን ገጥሞ መደርደር ያለበት ጌም ቀረበ። ማንን ይገድላል ተብሎ ተጠየቀ፤ ማንንም ተባለ። ግንበኛ ነዋ ተብሎ ሁለተኛ ተቀመጠ። የሰው መኪና እየነጠቁ የሚነዱበት ጌም ተራው ሲደርስ ሼህ ዐቂል የነጠቀውን መኪና ኋላ ለባለቤቱ ይመልስ እንደሆነ ጠየቁ። ያቃጥለዋል ተባሉ። ያንን ከበር መለሱት።

የዑዘይር አንደኛ ተራ ሲደርስ ፕሌይስቴሽኑ ተሰክቶ ባለ ፈረሱ ሽፍታ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አለ። ሽማግሌዎቹ ፈረሱን ሲያዩ ትራሳቸውን ለቀው ወደ ፊት ሳብ አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ፈረሱ ወደ ግራ ዞሮ እግሩን እንዲያሳያቸው ጠየቁ፤ ሌላው ዋጋውን ጠየቁ፤ ጥርሱን ማየት እንደማይቻል ሲነገራቸው ቅር አላቸው። ሼህ ዐቂል ግን ወደ ሰውዬው ነበር የሚያዩት።

«ይሄ ልጅ ስንት ሰው ገድሏል?»

«ብዙ ነው ሼሁ። አልቆጠርኩትም።»

«የሟቾቹ ወገን ታርቋል? ለደሙ ጉማ ተከፍሏል?»

ዑዘይር ጆይስቲኩን ፍራሹ ላይ አስቀመጠ። «የሚያስታርቅ ሰው የለበትም ሼሁ። ጌሙ ውስጥ ሽማግሌ የለም።»

ሽማግሌ የሌለበት አገር ሲባል መጅሊሱ ውስጥ ጫት የያዘ እጅ ሁሉ ቆመ። አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው ይህን ጌም ስንት ሰው አብሮ እንደሚጫወተው ጠየቁ። አንድ ሰው ብቻ፣ መቶ ሰዓት ያህል ተባሉ። መቶ ሰዓት ብቻውን የሚበላ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው የሚል ጉርምርምታ ተነሳ፤ ዑዘይር ምግብ እንዳልሆነ ሊያስረዳ ሞክሮ ተወው። ሀፊዝ ፈገግ አለ። ደስታው ግን ብዙም አልቆየለትም፤ ተራው የኳሱ ነበር። አራት ሰው አንድ ላይ እንደሚያጫውት በኩራት ተናገረ። ሲሸነፉ ይሰዳደባሉ ወይ ተባለ፤ አቀረቀረ። ሶላት ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ያጠፋ እንደሆነ ጠየቁት፤ አጠፋለሁ አለ። ግጥሚያው መሐል ላይ ከሆነስ ሲሉት ቀና ብሎ አባቱን አየ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሁስኒያ ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ አለች። «የከረሜላውን ለምን አያነሱትም?» አለቻት። ስልኳ ላይ ከረሜላ እያጋጠመች የምታፈነዳበት ጌም አላት፤ ቤተሰቡ ዚክር ላይ ናት ብሎ ድምፁን ዝቅ በሚያደርግበት ሰዓት እሷ ሺህ ደረጃ አልፋለች። ዊዳድ ሳቋን በሻሿ አፈነች። ከዚያ ግን ሳቁ ለቀቃት። መጅሊሱ ውስጥ የተቀመጠ ወንድ ሁሉ፣ ጌም አይቶ የማያውቀውም ጭምር፣ አስተያየቱን ሰጥቷል። ከመጋረጃው ወዲህ ያሉትን የጠየቀ የለም። የሚጠየቁ መሆናቸው ትዝ ያለውም ያለ አይመስልም።

ፍርዱ ተሰጠ። አንደኛ ሁለቱ ዱላ። ሁለተኛ ግንበኛው። ሦስተኛ ፈረሱ። ሰውዬው ይውረድና ፈረሱ ብቻ። አራተኛ ኳሱ፣ አለመሰዳደብን ከተማረ። ሌሎቹ እንደየዕድሜያቸው ተከትለው ይቀመጡ። ሐጂ ዓብደላ አራተኛ የሚለውን ሲሰሙ ደረታቸው ሲሰፋ ታየ፤ አራተኛ ለእንዲህ ላለ ዘመን ክፉ አይደለም።

«ፈረሱ ብቻ?» አለ ዑዘይር።

«ሁለት ዱላ?» አለ ሀፊዝ።

በሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ዑዘይር በዝቅተኛ ድምፅ ከሁለት ዱላማ ኳሱ በስንት ጣዕሙ አለው። ሀፊዝ ሽፍታው ከወረደ ፈረሱ ማንን ሊሸከም ነው አለ። አንዱ ከወዲያ ጥግ፣ አንዱ ከወዲህ ጥግ እየተሳቡ መጥተው ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ አንገታቸውን ደፍተው፣ የተበደለ ሰው በሚያንሾካሹክበት ድምፅ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። ሼህ ዐቂል ይህን አይተው «ማሻአላህ፤ አፉ ተባባሉ» አሉ። ተሳሳሙ። ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ብልሃት ተገርመው እርስ በርስ ተያዩ።

ሼህ ዐቂል የሞቀ ልብ ሲያገኙ የማያሳድሩ ሰው ናቸው። ወሊ የሚሆኑት አባቷ እዚህ አሉ፣ ምስክሩ ሞልቷል፣ ልጁም ልጂቱም እዚህ ናቸው፤ እስከ ጁምዓ ምን አስጠበቀን፣ ኒካሁን እናስረው፣ ድግሱ በቀኑ ይደርሳል አሉ። መርሐባ ተባለ። ጠዋት ይቆይ የተባለው ኒካህ ማታ ላይ ማንም ዊዳድን ሳያማክር ቸኮለ። ሐጂ ዓብደላ ሁለት ምስክር አስከትለው ወደ መጋረጃው ቀረቡ። «ልጄ ዊዳድ፣ ለዑዘይር ልድርሽ?» አሏት። እዚህ ላይ ልጃገረድ ዝም ትላለች፤ አይናፋርነቷ ስለሚገባቸው ዝም ካለች እሺ እንዳለች ይቆጠራል፤ ምስክሮቹም ጆሯቸውን ሳያቀኑ ለመመለስ አንድ እግራቸውን አንስተዋል። ሁስኒያ የልጇን ክርን ጫን አደረገች።

«መህሬን ራሴ ልናገር» አለች ዊዳድ።

ሐጂ ዓብደላ ሙሽራው የሚሰጠው መህር እኮ ወርቅ ተብሎ አልቋል አሉ። ሼህ ዐቂል ከተቀመጡበት ሆነው መህር የልጂቱ ሐቅ ነው፣ ትናገር አሉ።

«ወርቁ ይቅርብኝ። ያ የተሰካው ዕቃ ይሰጠኝ።»

መጅሊሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ፈረሱ ሽፍታውን ጭኖ ጅራቱን እየወዘወዘ ቆሟል። መጀመሪያ የተናገረው ሀፊዝ ነው፤ «ዊዱ፣ ኧረ በአላህ» አለ፣ እንደሚለምን። ዑዘይር ከመቀመጫው ግማሽ ተነሳ። ወርቁን እጥፍ አደርገዋለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ አደነቁት፤ እጥፍ ወርቅ ሰምተው አያውቁም። ዊዳድ ወርቅ አልጠየቅኩም አለች። የመጋረጃውን ጠርዝ ጨብጣ ነበር። ማሽኑን ምን እንደምታደርገው አታውቅም፤ ብትሸጠውም ብታስቀምጠውም ግድ የላትም፤ ምናልባት ነገውኑ መልሳ ትሰጠው ይሆናል። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ባለበት እሺ እንዲላት። ፊቱ በርቶ፣ ሳያቅማማ፣ ስለ ሃያኛው ጌም እንደተናገረው ሆኖ እሺ እንዲላት።

ዑዘይር ዝም አለ። ማሽኑን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ መልሶ ማሽኑን አየ። ስድስት ዓመት የተጓዘው መንገድ ሁሉ፣ የገራው ፈረስ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሀፊዝ ጭኑን ጎሰመው፤ በል ለማለት ይሁን እንዳትል ለማለት አልታወቀም። ዊዳድ በመጋረጃው ክፍተት እያየችው ጠበቀች።

ሼህ ዐቂል ትንሽ ታግሰው ወደ ምስክሮቹ ዞሩ። «ዝም ብሏል። ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው። እጅ አንሱ» አሉ።

ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። ዱዓው ተጀመረ። ዊዳድ ከልቧ ደስ አላት፤ ቀኑን ሙሉ በእሷ ላይ ሲሆን የዋለው ነገር ለአንድ አፍታም ቢሆን በሌላ ሰው ላይ ሲሆን አየች። ወዲያው ደግሞ ደስታው ደረቷ ላይ ከበደ። የጠበቀችው ቃል አልመጣም፤ አሁን ቢመጣም ከዱዓው በኋላ ነው። ዑዘይር እንደ ሌሎቹ መዳፉን ዘርግቶ አሚን እያለ ነው፤ አውራ ጣቶቹ ብቻ ሳያውቀው ይንቀሳቀሳሉ። ሁስኒያ በልጇ ትከሻ ላይ ተደግፋ በዚያው ክፍተት ፊቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«እኔም በኒካሄ ቀን መልኬ እንዲህ ነበር» አለቻት።